ሴንሰሩ 27 ሲል ገንዘብ ያዧ ጋቢ ደርባ ነበር

ጠያቂያችን «ሕንፃችን ላይ የተገጠመው፣ ማቀዝቀዣውንና መብራቱን በራሱ የሚያዝ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ የመብራት ክፍያ ቀንሶልናል፤ ሠራተኛው ግን ጠዋት በብርድ፣ ከሰዓት በኋላ በሙቀት ያማርራል፤ አስተዳደሩም አትንኩት ይላል፤ ምን ላድርግ?» ላሉት፦

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ፊቱ በሙሉ መስታወት በሆነ ባለ 11 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ጥገና ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እኔም እንደ አስተዳደራችሁ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አምኜ ስሞታ ያመጣውን ሁሉ በሆዴ «ቅምጥል» እያልኩ እሸኘው ነበር።

ዓይኔን የገለጠችልኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለች ገንዘብ ያዥ ናት። በየሳምንቱ ብርድ ገደለኝ ትላለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ክፍሉ 27 ዲግሪ ነው ይላል። አንድ ቀን ቴርሞሜትር ይዤ ወረድኩ። ጋቢ ደርባ ብር ትቆጥራለች፤ ወንበሯ አጠገብ 20 ዲግሪ ነው። ሙቀቱን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሴንሰር ብፈልገው ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ፣ የጋለ አየር በሚወጣበት በኩል ተሰቅሎ አገኘሁት። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ሴንሰሩ ይግላል፣ ማቀዝቀዣውም ያለ የሌለ ኃይሉን እሷ ላይ ያፈሳል። ሦስት ሜትር አሻገርነው። ስሞታውም ቆመ፣ ማቀዝቀዣውም በከንቱ መልፋቱን ተወ።

ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ስሞታውን ከነሰዓቱና ከነወንበሩ ይመዝግቡ። የከሰዓት በኋላው ሙቀት ከምዕራብ ጎን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፤ ምሥራቁንና ምዕራቡን በአንድ ሴንሰር ማስተዳደር አይቻልም።

የመብራቱ ነገርማ ያስቃል። ሰኔ ላይ ሒሳብ ክፍሎች አቀርቅረው ዓመቱን ሲዘጉ መብራቱ ድርግም ይልባቸዋል፤ እጅ ማወዛወዝ የሥራው አካል ሆኖ ነበር። የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያየው የሚንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀትን ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠንም ከመስታወት ጀርባ ያለንም አያይም። እንቅስቃሴ ካጣ በኋላ መብራቱን ለማጥፋት የሚጠብቀውን ጊዜ ቢሮዎቹ ውስጥ ከ5 ወደ 20 ደቂቃ አሳደግነው። ደረጃውንና ኮሪደሩን በ5 ተውናቸው፤ እዚያ የሚቀመጥ የለም።

ታዲያ ቁጠባው ከየት ይመጣል? ሰው ከሌለበት ሰዓት፣ ካለም ልብ ከማይለው ነገር። የማራገቢያውን ፍጥነት ወደ 80 በመቶ ቢያወርዱ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ስሌቱ 0.8 × 0.8 × 0.8 ነው። ደግሞም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን የሌሊቱን ብርድ በነፃ አለመጠቀም ያሳዝናል። ንጋት ላይ የውጭ አየር አስገብተን የቀኑን ሙቀት ከኮንክሪቱ እናስወጣ ነበር፤ ሠራተኛው ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀድመን እናቆማለን፤ አለበለዚያ የጠዋቱን ብርድ ራሳችን እንፈጥራለን። ዱባይ በሐምሌ ይህን ቢሞክሩት እሳት ማስገባት ነው።

አስተዳደሩን በክርክር አያሳምኑትም። አንድ ፎቅ ለሙከራ ይጠይቁና የራሱን ቆጣሪ ያስገጥሙለት። የእኛ አለቃ የፈቀደልኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሦስተኛውን ዝም ብዬ ጨመርኩበት፣ ማንም አልጠየቀኝም።