ከወገብ የማይለይ ሽጉጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ ሽጉጥ የሚይዙ ወገኖች ከላኩልኝ ጥያቄዎች አምስቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

«ሱቅ አለኝ፤ ማታ የምዘጋው ብቻዬን ነው። ፈቃድ አውጥቻለሁ። እርስዎ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ምን ምን ያዙ? በየትኛው ረጉ?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በ2006 የጀመርኩት በስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ነው፤ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር (ጥይቱ በተሽከርካሪ ቋት የሚገባ ሽጉጥ)፣ ካሊበሩ (የጥይቱ ስፋት) 38። ኪስ ውስጥ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ቀላል ነው። ቀላል ሽጉጥ ግን ሲተኮስ መዳፍ ይመታል። ሃያ ጥይት ሳልጨርስ እጄ እየዛለ ልምምዱን መሸሽ ጀመርኩ። ቀጥሎ፣ አገር ቤት «መሣሪያ ሲከብድ ነው» እየተባለ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ «1911» የሚባለውን ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ ገዛሁ። ባዶውን ከኪሎ በላይ ይመዝናል። ተኩሱ ያምራል፤ ወገቤ ግን አልቻለውም፤ በሁለት ወሩ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሩገር ኤልሲፒ የሚባለው ትንሽ ሽጉጥ መጣ። የትም ይደበቃል፤ ማነጣጠሪያው ግን ከማነሱ የተነሳ በ7 ሜትር ርቀት ዒላማውን እስት ነበር።

የረጋሁት በግሎክ 19 ነው፤ 15 ጎራሽ፣ 9 ሚሊ ሜትር። 9 ሚሊን ትንሽ ጥይት ነው ብለው የሚንቁ አሉ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይም በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ ወደ ትልልቅ ጥይቶች ዞሮ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወደ 9 ሚሊ ተመለሰ። በበጋ ስስ ልብስ ስለብስ በ2018 የወጣውን ሲግ ፒ365 እይዛለሁ፤ ትንሽ ሆኖ 10 ይጎርሳል።

ከሽጉጡ እኩል ግን ወፍራም ቀበቶና ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሰገባ ይግዙ። አንድ ቀን 642ቱን ያለ ሰገባ ኪሴ ከትቼ ቁልፍ ሳወጣ፣ የቁልፉ ቀለበት ምላጩ ላይ ተጠልፎ አገኘሁት። እግሬን ያተረፈው የሪቮልቨር ምላጭ ለመሳብ ከባድ መሆኑ ነው። የግሎክ ምላጭ እንደዚያ አይከብድም።

«የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ለሴት ይሆናል ብሎ ትንሽ ሽጉጥ ገዛልኝ፤ ማቀባበል ግን አቃተኝ። በእጅ ቦርሳዬ ነው የምይዘው።» (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

እህቴ፣ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። የትንሽ ሽጉጥ ሞላ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ሲተኮስም የበለጠ ይመታል። «ለሴት ትንሽ» የሚለው ምክር ብዙ እህቶቻችንን ጎድቷል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ በቀላሉ እንዲቀባበል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ተኩስ ሜዳ ላይ ተከራይተው ይሞክሩት። ሲያቀባብሉም የላይኛውን ብረት በግራ እጅዎ ጨብጠው፣ እጀታውን በቀኝዎ ወደ ፊት ይግፉ፤ ጉልበቱ ከትከሻ ይመጣል። ቦርሳውን ግን ይተዉት። ሌባ መጀመሪያ የሚነጥቀው እሱን ነው።

«በየእሁዱ ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የቨርጂኒያ ፈቃዴ ያገለግለኛል?»

አያገለግልም! ሜሪላንድ የሌላ ክልል ፈቃድ አትቀበልም፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንደዚያው። ቨርጂኒያ ላይ ሕጋዊ የነበረው ሰው ወደ ሜሪላንድ የሚወስደውን ድልድይ ሲሻገር እስር የሚያስከትል ወንጀል ውስጥ ይገባል። ዜግነት ገና ላላገኘ ወገን ደግሞ ጣጣው እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። እሁድ ሽጉጡን ቤትዎ ቆልፈው ይሂዱ።

«ኡበር እነዳለሁ። ፈቃድ ስላለኝ ልያዝ?»

የኩባንያው ደንብ ሹፌሩንም ተሳፋሪውንም ይከለክላል፤ እንደ ኡበር ያለው ሊፍት የተባለ ኩባንያም ያው ነው። የክልሉ ፈቃድ አካውንትዎን ከመዘጋት አያድነውም።

«ለፋሲካ የዘመድ ልጆች ቤታችንን ይሞሉታል። ቁም ሣጥኑ ላይ ባስቀምጠው ይበቃል?»

አይበቃም። ልጅ ወንበር ደርቦ ይወጣል። ሽጉጥ ወይ ወገብዎ ላይ ነው፣ ወይ የተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ፤ ሦስተኛ ቦታ የለውም። ጠጅ ከቀመሱ ደግሞ ሣጥኑ ብቻ። ባዶ ሲያደርጉት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ የጥይቱን ካርታ (እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት መያዣ) ያውጡ፣ ቀጥሎ ደጋግመው ያቀባብሉ፣ ከዚያ በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ቀድመው አቀባብለው ካርታውን በኋላ ካወጡ አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል።