ካቢን ያለው ወይስ ፖንቱን? ለቤተሰብ ዩዝድ ጀልባ ስለመግዛት የጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴና እኔ፣ የ11፣ የ8 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን፣ ሰመር ላይ ደግሞ አማቴ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አምና ጓደኞቻችን ሌክ አና የሚባለው ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይተው ጠርተውን ልጆቹ ከውሃው አንወጣም ብለው አለቀሱ፣ ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ጀልባ ሲያይ ነው የሚያመሸው። አሁን ውስጡ አልጋና ሽንት ቤት ያለው፣ 24 ጫማ የሆነ፣ ስተርንድራይቭ የሚሉት ሞተር ያለው የ1999 ጀልባ በ9 ሺህ ዶላር አገኘሁ ብሎ «እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም» እያለኝ ነው። እጃችን ላይ ያለው 18 ሺህ ነው፣ መኪናችን ሃይላንደር ቪ6 ናት። እኔ ስለ ጀልባ የማውቀው የለም ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትሉናላችሁ?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ ልብሽ እውነቱን ነው። ባለቤትሽም አይፈረድበትም፣ እንደዛ አይነት ጀልባ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ዋጋውም ያጓጓል። ግን ለእናንተ የሚሆን ጀልባ አይደለም።

መጀመሪያ መኪናችሁን እንይ። ቪ6 ሃይላንደር የመጎተቻ ፓኬጅ ካላት የምትችለው እስከ 5,000 ፓውንድ ነው፣ የእናንተን ዓመት ማኑዋሉ ላይ እዩት። 24 ጫማ ካቢን ጀልባ ባዶውን ብቻ 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ቤንዚን አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ነው፣ ጀልባው የሚጫንበት ተጎታች፣ ትሬለሩ፣ ለብቻው ከሺህ ፓውንድ ያልፋል፣ መልህቁ፣ ባትሪው፣ ኩለሩ፣ የልጆቹ ዕቃ ሲጨመር 7,000 ይጠጋል። ይሄ ዳገት ላይ ሞተር ማድከም ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ዋናው ጉዳይ ፍሬን ነው። 95 አውራ ጎዳና ላይ ፊትሽ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ወይ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ራምፕ እርጥብ ሆኖ ጎማ ሲያንሸራትት ከኋላ ያለው ክብደት መኪናዋን ይዟት ይሄዳል። አንጎትተውም ማሪና እናቆመዋለን ካላችሁ ደግሞ ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፣ ጀልባውን ተጠቀማችሁበትም አልተጠቀማችሁበትም።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ስተርንድራይቭ ማለት ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ እግሩ ብቻ ከኋላ ወደ ውሃ የወጣ ነው። በሞተሩና በእግሩ መሀል እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ ጎማዎች አሉ፣ ቤሎውስ ይሏቸዋል፣ እነሱ ሲያረጁ ይሰነጠቁና ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለመቀየር እግሩ መውረድ አለበት፣ ስራው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከዛ ክረምቱ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በረዷማ ሌሊት ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ ይረጋና ብረቱን ይሰነጥቀዋል፣ አንድ ባለቤት አንድ ዓመት ዊንተራይዝ ሳያደርግ፣ ማለት ውሃውን ሳያስወጣ፣ ቢያልፍ በቂ ነው፣ ይሄ ጀልባ ከ1999 ጀምሮ ስንት እጅ እንዳለፈ አስቢው። በቤንዚን የሚሰራ ሞተር ውስጥ ስላለ ሁሌ ከማስነሳት በፊት ብሎወሩን (ማራገቢያውን) ቢያንስ 4 ደቂቃ አብርቶ የተጠራቀመውን ጋዝ ማስወጣት ግድ ነው፣ የ4 ዓመት ልጅ «እንሂድ እንሂድ» እያለ እግር ላይ ሲጠመጠም ይሄን የሚረሳ ሰው አይጠፋም። አልጋውና ሽንት ቤቱስ ካልሽኝ፣ እናንተ ጠዋት ሄዳችሁ ማታ የምትመለሱ ሰዎች ናችሁ፣ በጁላይ ሙቀት ካቢን ውስጥ የሚተኛ የለም።

የኔ ምክር ፖንቱን ነው። ከ20 እስከ 22 ጫማ፣ አውትቦርድ ማለት ከኋላ ውጪው ላይ የሚሰቀል ሞተር ያለው፣ ፎር ስትሮክ። ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ወለል ነው፣ ዙሪያውን አጥር አለው፣ በጎን በር አለው። አማትሽን አስቢያቸው፣ ካቢን ጀልባ ላይ ለመውጣት የጀልባውን ጠርዝ መሻገር፣ ከዛ ደግሞ ወደ ታች መውረድ አለ፣ ፖንቱን ላይ ግን ከመርከቢያው ቀጥታ በበሩ እየተራመዱ ገብተው ጥላ ስር ይቀመጣሉ። ትንሹ ልጅ አጥር ውስጥ ነው። ምሳ ይዘረጋል፣ ቡና እንኳን ከቤት አፍልተሽ በፔርሙዝ ይዘሽ ሁሉም ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ያወራል። ትልቁ ልጅ ቲዩብ (በአየር የተነፋ ጎማ) ላይ ልጎተት ማለቱ ስለማይቀር ሞተሩ 90 ወይ 115 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ጥሩ ነው፣ በ40ና በ50 ስድስት ሰው ጭኖ ከመንፏቀቅ አያልፍም። ሦስት ቱቦ ያለው ትራይቱን ማዕበል ላይ ይሻላል ግን ክብደቱም ዋጋውም ስለሚጨምር በእናንተ በጀትና በእናንተ መኪና አልመክረውም። ሁለት ቱቦ ያለው ከነትሬለሩ 4,000 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል፣ ሃይላንደሯ ትችለዋለች። ሻጩ የሚነግራችሁን ክብደት ግን አትመኑ፣ ሚዛን ላይ አውጡት።

ለሌክ አና ልክክ ይላል። ሐይቁ የኖርዝ አና ኒውክሌር ጣቢያን ለማቀዝቀዝ ወንዙ ተገድቦ የተሰራ ነው፣ መሙላት የጀመረው በ1972 ነው፣ 13,000 ኤከር ነው ይባላል ግን ለሁሉም ክፍት የሆነው 9,600 ያህሉ ነው፣ ቀሪው ሞቃቱ ወገን የባለቤቶቹ ብቻ ስለሆነ ራምፕ ስትፈልጉ እንዳትሳሳቱ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀልባ ስለሚበዛበት ውሃው ይናወጣል፣ ጠዋት በጊዜ ውጡ።

የፖንቱን ድክመቱን አልደብቅሽም። ለቼሳፒክ ቤይ አይሆንም፣ ታችኛው ፖቶማክም ንፋስ ሲነሳ ይከብደዋል፣ ምክንያቱም ፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ሁሉ ፊት ተሰብስቦ ትልቅ ማዕበል ከመጣ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ እባክሽ አጥብቀሽ ያዢልኝ፦ ጀልባው እየሄደ ልጅ ከፊት ካለው በር ውጪ ቁጭ ብሎ እግሩን ውሃ ላይ እንዳያንጠለጥል። ቆንጆ ፎቶ ይወጣዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ ግን ከዛ የወደቀ ልጅ በቱቦዎቹ መሀል ገብቶ ቀጥታ ፕሮፔለሩ ጋር ነው የሚደርሰው።

አሁን ፍተሻው። ሻጩን ጠዋት እመጣለሁ፣ ሞተሩን ቀድመህ አታስነሳው በይው፣ ስትደርሱ ባለቤትሽ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍ፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ከዛ ወለሉን በሙሉ በእግር ርገጡት፣ በተለይ በሮቹ ጋርና ከኋላ፣ ምንጣፉ ስር ያለው ፕላይዉድ ነው፣ ከበሰበሰ እግር ስር ይለሰልሳል። ቱቦዎቹ ስር ተጎንብሳችሁ ብየዳውን እዩ፣ የተጣበቀ ቦታ ካለ ጠይቁ፣ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ አንዱ ቱቦ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ከሞተሩ እግር ታች ያለውን የዘይት ብሎን ትንሽ ላላ አድርገው ጠብታውን ጣት ላይ ይቀበሉት፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ምስጋና አቅርባችሁ ተመለሱ። ኮምፕረሽን ቴስት መካኒክ ያድርግላችሁ፣ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከ10 ፐርሰንት በላይ መራራቅ የለባቸውም። ሞተሩ ሲሰራ ከኋላ እንደ ቀጭን ቧንቧ የሚተፋው ውሃ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ማቀዝቀዣው ችግር አለበት። የመቀመጫው ቆዳ መቀደድ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ሙሉውን ማሰራት ግን ሺዎች ያስወጣል። የትሬለሩን ጎማ ጎን አንብቡ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት 4 ቁጥሮች የተሰራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሰርቷል፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው አርጅቷል። ውሃ ላይ ሳትሞክሩት ደግሞ አንድ ዶላር እንዳትከፍሉ፣ «ባትሪው ሞቷል፣ ሲዝኑ አልደረሰም» የሚል ሻጭ ሲዝኑ ሲደርስ ይደውል።

ወረቀቱ ላይ፦ ከጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሞዴል ዓመቱ ናቸው፣ ከታይትሉ (ከባለቤትነት ወረቀቱ) ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቨርጂኒያ ውስጥ የጀልባው ታይትል የሚዞረው ዲኤምቪ (የመኪና መዝገብ ቤቱ) ሳይሆን የዱር እንስሳት ሀብት መስሪያ ቤቱ ጋር ነው፣ 2 ፐርሰንት ታክስ አለው፣ ትሬለሩ ግን ዲኤምቪ ነው። ባንክ ዕዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ገንዘብ አይውጣ። 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው የጀልባ ትምህርት መውሰድ አለበት፣ ኦንላይን ይሰጣል፣ ሁለታችሁም ውሰዱት፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም እሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የሚመልሰው አንቺ ነሽ።

ከ18 ሺው ለጀልባው 14 ገደማ ብቻ መድቡ። ባትሪ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ላይፍ ጃኬት ቀሪውን ይበሉታል። ላይፍ ጃኬት ካልሁ አይቀር፣ እኛ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ ይሄን ደግሞ እርስ በርስ አንነጋገርበትም። የኮስት ጋርድ (የባህር ጠረፍ ጠባቂው) የ2022 ሪፖርት እንደሚለው በጀልባ አደጋ ከሞቱት 75 ፐርሰንቱ የሰመጡ ናቸው፣ ከነሱም 85 ፐርሰንቱ ላይፍ ጃኬት አላደረጉም። በፌዴራል ህጉ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲሄድ ማድረግ ግዴታው ነው፣ ለእናንተ ቤት ግን ህጉ ሁሉንም ይሁን፣ አማትሽንም ጭምር። ለትንሹ በክብደቱ የሚሆን፣ ከአንገቱ ጀርባ ትራስ ያለውና በእግሮቹ መሀል የሚታሰር ግዢለት። ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፣ አገጩን ካለፈ ሰፍቶታል።

ጥያቄ፦ ከባልቲሞር ነኝ፣ የተወለድኩት በ1968 ነው። ወንዶች ልጆቼ 15 እና 12 ናቸው፣ እነሱ ቲዩብ ይወዳሉ እኔ ደግሞ ሮክፊሽ ማጥመድ እወዳለሁ፣ ባለቤቴ ፀሐይ አትችልም። ቼሳፒክ ቤይ ላይ ነው የምንወጣው። ሴንተር ኮንሶል ወይስ ባውራይደር?

መልስ፦ ጋሼ ሁለቱም ሳይሆን ዱዋል ኮንሶል ይፈልጉ፣ ከ20 እስከ 22 ጫማ። መሪው መሀል ላይ ያለው ሴንተር ኮንሶል ለአሳ ማጥመድ አቻ የለውም፣ ዙሪያውን ይዞሩታል፣ ግን መጠለያው ትንሽ ነው፣ እመቤቲቱ ሁለት ጊዜ ሄደው ሦስተኛው ላይ ቤት እቀራለሁ ይላሉ። ባውራይደር ደግሞ ብዙው ስተርንድራይቭ ነው፣ ጨው ባለበት ውሃ አልመክርዎትም። ዱዋል ኮንሶል ከፊት እንደ ባውራይደር መቀመጫ አለው፣ ግራና ቀኝ መስታወት አለው፣ ከኋላ በቂ የማጥመጃ ቦታ ይቀራል፣ አውትቦርድ ነው፣ ብዙው ላይ የጨርቅ ጣሪያ ይገጠማል።

የቤዩ አማካይ ጥልቀት 21 ጫማ ብቻ ስለሆነ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው የሚሆነው፣ ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ ወገብ ይሰብራል፣ ከኋላ ሲታይ የቪ ቅርጹ ጠለቅ ያለውን ይምረጡ። ከወጡ በኋላ ሁሌ ሞተሩን በንጹህ ውሃ ያጥቡት። የሜሪላንድ ህግ የጀልባ ሰርተፍኬት የሚጠይቀው ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደውን ስለሆነ እርስዎን አያስገድድዎትም፣ መሪውን የሚይዙ ከሆነ ግን ልጆቹን ይመለከታል፣ እርስዎም አብረዋቸው ቢወስዱት ደስ ይለኛል። ታክሱ 5 ፐርሰንት ነው፣ ሲደራደሩ አይርሱት። ልጆቹ ቲዩብ ላይ ሲሆኑ እርስዎ ወደ ፊት ሲያዩ ወደ ኋላ የሚያይ ሌላ ሰው ይኑር።

ጥያቄ፦ ሲዬና ሚኒቫን ብቻ ነው ያለኝ፣ ትሬለር ማቆሚያም የለኝም፣ አፓርታማ ነኝ በርክ ውስጥ። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቼን ውሃ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ፣ በጀቴ ከሺህ አይበልጥም። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ አለህ እንጂ ወንድሜ። ቅርብህ ያለው በርክ ሌክ ላይ የቤንዚን ሞተር ክልክል ነው፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ ባለ ትልቅ ሞተር ጀልባ ቢኖርህም እዛ አትጠቀምበትም። ኦኮኳን ሪዘርቮየርም ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ አይፈቅድም። ላንተ ሰፊና የማይገለበጥ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ዩዝድ ካያክ ሁለት ብትገዛ፣ ሲዬናዋ ጣሪያ ላይ ትሸከምልሃለች፣ አንዱን አንተ ከአንዷ ጋር ሌላውን እናታቸው ከሌላዋ ጋር። የት አስቀምጣለሁ ካልክ አየር የሚነፋውን እይ፣ ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ስትገዛ ግን ነፍተህ አንድ ሰዓት አቆየው፣ ከላላ አትውሰደው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በርክ ሌክ ላይ የሚከራይ የቀዘፋ ጀልባ አለ፣ አንድ ቅዳሜ ወስደሃቸው ትንሿ ውሃ ትፈራ አትፈራ እንደሆነ እይ፣ ከፈራች ዘንድሮ ዋና ትምህርት አስመዝግባት፣ ካያኩን ለከርሞ።