ጄኔሬተሩን ትቼ ወደ በረዶው ልሂድ?

አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «23 ዓመቴ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ስለ ደቡብ ዋልታ አሳሾች ማንበብ ከጀመርኩ ግን ሥራው አስጠላኝ። ትቼው ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ተምሬ አሳሽ ልሁን? እናቴ አበድክ እንዴ ትለኛለች። ደግሞ ክራር እጫወታለሁ፤ ሲቪ ላይ ልጻፈው?»

ወንድሜ፣ አንታርክቲካን መመኘት እብደት የለበትም። መፍቻህን ለመጣል ማሰብህ ግን አሳስቦኛል። እስቲ የምታነባቸውን ታሪኮች እንደገና አንብባቸው። አለቆቹን ለጊዜው ተዋቸውና ሠራተኞቹን ፈልግ።

ኢንዱራንስ የተባለችውን መርከብ መቼም ታውቃታለህ። እ.ኤ.አ. በ1914 አሳሹ ኧርነስት ሻክልተን አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ይዟት ወጣ። በ1915 መጀመሪያ ዌዴል ባሕር ላይ በረዶ ቀፍድዶ ያዛት፤ ኖቬምበር ላይ ሰመጠች። 28 ሰዎች ወራት በበረዶ ላይ ከረሙ። ከዚያ በሦስት ጀልባዎች ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ማንም የማያልፍበት ደሴት ነው። ስለዚህ ስድስቱ በአንዷ ጀልባ ሳውዝ ጆርጂያ ድረስ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እርዳታ ፍለጋ ሄዱ። ጀልባዋ ሰባት ሜትር እንኳ አትሞላም።

ታዲያ እንዴት ደረሰች? ሃሪ ማክኒሽ የሚባል አናጢ ነበራቸው። የጀልባዋን ጠርዝ ከፍ አደረገው። ውሾች ከሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ እንጨት፣ ከሳጥን ክዳንና ከሸራ ጣሪያ ሠራላት። ስንጥቋን በፋኖስ ክር፣ አብሯቸው በነበረው ሠዓሊ የዘይት ቀለምና አቆስጣ በሚባለው የባሕር እንስሳ ደም ደፈነው። ካፒቴኑ ፍራንክ ዎርስሊ ደግሞ በ16 ቀን ጉዞ ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ፀሐይን መለካት የቻለው አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን በስሌት ሞላው። ኦገስት 1916 የቺሊ መርከብ የቀሩትን 22 ሰዎች ከደሴቱ አወጣች። ከ28ቱ አንድም አልሞተም። (በአህጉሩ ማዶ ስንቅ ያስቀምጡላቸው ከነበሩት የጉዞው አባላት ግን ሦስቱ ሞተዋል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።)

ስለ አናጢው አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ያናድደኛል። መርከቧ ስትሰምጥ ማክኒሽ «ውሌ አብቅቷል» ብሎ ከአለቃው ጋር ተጋጨ። ከዚያ በፊት የሚወዳትን ድመት ተኩሰው ገድለውበታል። ከጉዞው በኋላ ለብዙዎቹ ሜዳሊያ ሲሰጥ እሱ ተከለከለ። ጀልባዋን የሠራው ሰውዬ! ውል ስትፈርም «መርከቧ ብትሰምጥስ?» ብለህ ጠይቅ፤ የምሬን ነው።

አሁን ወደ አንተ ሙያ እንምጣ። ኤፕሪል 1982 አንታርክቲካ ውስጥ ቮስቶክ በተባለው የሶቪየት የምርምር ጣቢያ የጄኔሬተር ቤቱ ተቃጠለ። አንድ መካኒክ ሞተ። የቀሩት 20 ሰዎች ያለ መብራትና ያለ ማሞቂያ ቀሩ። የእነሱ ክረምት ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ወቅት አውሮፕላን ቮስቶክ አይደርስም። ሰዎቹ የራሳቸውን ምድጃ ሠሩ፤ አንድ አሮጌ ጄኔሬተር ጠግነው አስነሱ። ክረምቱን አለፉት። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ቮስቶክ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዘገበ። ያን ሌሊት የሚፈለገው ማን እንደሆነ ላንተ መንገር የለብኝም።

ዛሬም እንደዚያው ነው። የአሜሪካው ማክመርዶ ጣቢያ በበጋ ወደ 1,000 ሰው ይይዛል፤ አብዛኛው ሳይንቲስት አይደለም። ኤሌክትሪሺያን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ የከባድ ማሽን ኦፕሬተር፣ የጄኔሬተር መካኒክ ነው። አንተ ልትተወው ያልከው ሥራ ማለት ነው።

መራራውን ግን ልደብቅህ አልችልም። ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የሚቀጥሩት የአገራቸውን ዜጋ ወይም በዚያ አገር የመሥራት ፈቃድ ያለውን ነው። የአንታርክቲካን ስምምነት በ1959 ከፈረሙት 12 አገሮች ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። እኛ እዚያ ጣቢያ የለንም። ዲቪ ከደረሰህ ወይም ቤተሰብ ከወሰደህ መንገዱ ይከፈታል፤ አለዚያ ረጅም ነው። «አንታርክቲካ እልክሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅህ ደላላ ካጋጠመህ ስልኩን ዝጋው። «ለአደገኛ ጉዞ ሰዎች ይፈለጋሉ» የሚለው፣ ሻክልተን አወጣው እየተባለ የሚዞረው ያ ዝነኛ የሥራ ማስታወቂያ እንኳ ዋናው ቅጂ ጋዜጣ ላይ አልተገኘም።

እስከዚያው ቀጣዩን ደረጃ ተማር፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ፈተናውን እለፍ። ጄኔሬተር ቆመ ማለት ሰው ሞተ ማለት የሆነበት ቦታ ሥራ፤ ሆስፒታል ጥሩ ነው። እንግሊዝኛህን አጠንክር። ጥርስህን ታከም፤ አትሳቅ፣ ክረምት ለሚያሳልፍ ሰው የጥርስ ምርመራው ቀልድ አያውቅም። «የደብረ ብርሃን ብርድ አሠልጥኖኛል» ብለህ ግን እንዳትጽፍ።

ክራሩን? ጻፈው እንጂ! ሻክልተን የፊዚክስ ባለሙያውን ሬጂናልድ ጄምስን ሲቀጥር ቃለ መጠይቁ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ስለ ጥርሱ ጠየቀው፤ መዝፈን ይችል እንደሆነም ጠየቀው። የአየር ጠባይ ባለሙያው ሊዮናርድ ሃሲ ደግሞ ባንጆ የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር። መርከቧ ስትጨፈለቅ ሰው ሁሉ ዕቃውን በረዶ ላይ እንዲጥል ታዘዘ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው የግል ዕቃ አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ባንጆው ብቻውን ከአምስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሻክልተን ግን ይምጣ አለ። ኤሌፋንት ደሴት ላይ፣ በተገለበጡት ጀልባዎች ሥር፣ 22ቱ ሰዎች ከአራት ወር በላይ ሲጠብቁ ሃሲ ይጫወትላቸው ነበር።