«ተመለሰ» የሚለው ዓምድ

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሦስቱም ግን የጠየቁኝ ስለ ጦርነት ሂሳብ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። እዚሁ አዳማ፣ በአንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ውስጥ 17 ዓመት ሂሳብ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የማውቀው በመዝገቤ ያለፈውን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ፍራንኮ አካባቢ ጎሚስታ ቤት የምሠራ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ባለፈው ሬዲዮ ላይ ስለ አንድ ሌላ አገር ጦርነት «ለሰብዓዊ እርዳታ ሲባል ተኩስ ቆመ» ሲባል ሰማን። ጎማ ሊያስጠግኑ የመጡ ሁለት ሹፌሮች በዚህ ተጣሉ። አንዱ «በቃ፣ ሰላም ሆነ ማለት ነው» አለ። ሌላው «የምን ሰላም? ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው። እኛ አይተነዋል» አለው። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የቱ ነው ልክ? ዱቄት ለማድረስስ ስምምነት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለተኛው ሹፌር ልክ ነው። በመጀመሪያውም ግን አልፈርድም። ወራት መኪናው ውስጥ ያደረ ሰው የአንድ ቀን ጸጥታም ሰላም ይመስለዋል።

የእኛ መዝገብ አምስት ዓምድ ነበረው። ታርጋ፣ ሹፌር፣ ጭነት፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ሠመራ ደርሶ የሚመለስ መኪና በአራት በአምስት ቀኑ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ቀን ይጻፍለታል። ናፍታው ይታሰባል፣ አበሉ ይወራረዳል፣ አለቀ። በ2013 ክረምት ግን እርዳታ የጫኑ መኪኖች በሠመራና በአብዓላ አድርገው መቀሌ ይገቡ ጀመር። ያኔ እርዳታ በየብስ ወደ ትግራይ የሚገባበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ከእኛም አንድ ባለተሳቢ ገባ። ነሐሴ ላይ «ወጣ» በሚለው ሥር በእስክሪብቶ ቀኑን ጻፍኩ። «ተመለሰ» ባዶውን ቀረ።

መስከረም 6 ቀን 2014 የተባበሩት መንግሥታት አንድ ቁጥር አወጣ። ከሐምሌ 5 ወዲህ ትግራይ ከገቡት 466 የጭነት መኪኖች የተመለሱት 38 ናቸው አለ። መንግሥት ሕወሓትን ወቀሰ። ሕወሓት ደግሞ መመለሻ ነዳጅ የለም፣ ሹፌሮቹም መንገድ ላይ ይንገላታሉ አለ። እኛ ቢሮ ክርክሩን የሚከታተል አልነበረም። ካልተመለሱት 428 መኪኖች አንዱ የእኛ ነው።

የሹፌሩ ባለቤት በየሰኞው ትመጣ ነበር። ግማሽ ደመወዝ እንሰጣታለን፤ ትፈርማለች። «ወሬ አለ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። መቀሌ ስልክ እንደሌለ ታውቃለች። መዝገቡን ወደ ራሷ ታዞርና የባሏን መስመር በጣቷ ትከተላለች። ታርጋ፣ ስሙ፣ ስንዴ፣ ወጣ። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን ታነሳለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች።

ባለንብረቱም በበኩሉ ኢንሹራንስ ጠየቀ። ድርጅቱ ውሉን ገልጦ ጦርነት የሚያደርሰው ጉዳት እንደማይካተት የምትገልጸውን መስመር አሳየው። ያቺ መስመር የማትገኝበት የመኪና ውል ብርቅ ነው። ግን ማን ያነባታል? መኪናው ደግሞ በብድር የተገዛ ነው። ቆሞም ወለዱ ይቆጥራል።

መጋቢት 15 ቀን 2014 መንግሥት ለእርዳታ ሲባል ተኩስ አቆምኩ ብሎ አወጀ፤ የትግራይ ወገንም ተቀበለ። ከታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየብስ እርዳታ ገብቶ አያውቅም ነበር። ከአዋጁ በኋላ የመጀመሪያው ኮንቮይ መቀሌ የደረሰው መጋቢት 23 ነው። እዚህ ላይ ልብ በል፤ አዋጅና ዱቄት መካከል ስምንት ቀን አለ።

ያንተ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ዱቄት ብቻውን አይሄድም። ደርሶ መልስ ናፍታ ይፈልጋል፣ ትርፍ ጎማ ይፈልጋል፣ ለሹፌርና ለረዳት ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። አንዱ ወገን «ይህ ናፍታ ለታጣቂ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሌላው «ፍተሻው ሆን ተብሎ ነው» ይላል። በየኬላው የቆመው ወታደር ከአለቃው ቃል ካልደረሰው ሸራ ያስፈታሃል፣ ጆንያ ያስወርድሃል። የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 መኪና ያስፈልጋል ይል ነበር። አንድ ባለተሳቢ 400 ኩንታል ያነሳል። ያንን ሁሉ በየቀኑ እየፈታህ ስትጭን አስበው። ስምምነቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛው ሰው ሚያዝያ ላይ መጣ። ባትሪ ተውሶ ነው የነዳው፤ ተሳቢው ሁለት ጎማ ጎድሎታል። ቁልፉን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ «መኪናውን ነው ወይስ እኔን ነው የምትመዘግቢው?» አለኝ። እኔም ብዕሬን አንስቼ «ተመለሰ» የሚለው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ሚስቱ ጋ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያ ተኩስ አቁም አምስት ወር ቆየ። ነሐሴ 18 ቀን ውጊያው እንደገና ተጀመረ። የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ስልኩም፣ መብራቱም፣ ባንኩም ቀስ በቀስ የተመለሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን እንደገና ወደ መቀሌ የበረረው ታኅሣሥ 19 ነው። ለሹፌሮቹ እንዲህ በላቸው፤ ዱቄት ብቻ ሲገባ ትንፋሽ ነው። ባንክ ተከፍቶ ነጋዴ በራሱ ገንዘብ መኪና ተከራይቶ ጭኖ ሲመለስ ያኔ ስሙን ሰላም ይበሉት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በየቀኑ ይከራከራሉ። አንዱ «ጦርነቱ ነው ያደኸየን» ይላል። አንዱ «ነጋዴው ነው» ይላል፣ እኔን እያየ! አንድ ጡረተኛ ደግሞ «ዶላር ነው» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ባለቤቴ «ያለቀ ነገር አታንሱ» ይላቸዋል። አዳማ ላይ እኮ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ዘይቱ ለምን አይወርድም? ዜናው ደግሞ «ግሽበት ቀነሰ» ይላል። የሽሮዬን ዋጋ ስጨምር ሰው ፊቱን ያዞርብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጡረተኛው ሻዩን በነፃ ይጠጣ። ግማሽ መልሱን ይዟል።

ጦርነቱ ሲጀመር፣ በጥቅምት 2013፣ አንድ ዶላር በባንክ 38 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ደርሶ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይትሽ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ናፍታውም እንደዚያው። ሽሮው አገር ውስጥ ቢፈጭም ወፍጮ ቤት የሚደርሰው በመኪና ነው፤ መኪናው ናፍታ ይጠጣል፣ ጎማው በዶላር ይገዛል። ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ጀመረ።

ጦርነቱ ዶላርን በብዙ በር ነው ያስወጣው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አሜሪካ በጦርነቱ በተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አገደች። ከዚያ ቀድሞ ኅዳር ላይ ፒቪኤች የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ሐዋሳ ፓርክ ያለውን ሥራ ዘግቶ ወጥቷል። እዚህ አዳማም ፓርክ አለን። ለአሜሪካ የሚሰፋ ሸሚዝ ሲቀር ዶላሩም ይቀራል፣ ሰፊዋም ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ትመጣለች፤ ያ የአንቺ ገበያ ነው። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት ያልከፈልኩት ገንዘብ አጥቼ አይደለም፣ አበዳሪዎችን እኩል ለማየት ነው አለ። ይሁን። እኔም ከአንድ ባለ ሱቅ ጋር ይህንን ዘዴ ሞክሬው ነበር፤ ዱቤ መስጠቱን ግን አቆመ።

ሁሉንም በሰሜኑ ጦርነት ላይ አልጭንም፤ ያ ሐሰት ይሆናል። የዩክሬን ጦርነት ስንዴውንም ነዳጁንም በዓለም ላይ አስወድዷል። ድርቁ ቦረና ላይ ከብት ጨርሷል። «ያለቀ ነገር» ለሚለው ባለቤትሽም አንድ ነገር በይልኝ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ውጊያ ገብቷል፤ ኦሮሚያም መንገዱ ሁሉ ጸጥ ያለ አይደለም። ሹፌር ሲፈራ ኪራይ ይጨምራል። ስጋቱ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም እንጂ የሽንኩርቱ ዋጋ ውስጥ አለ።

ስለ ግሽበት፦ ከፍራንኮ ወደ መብራት ኃይል የሚበር ባጃጅ አስቢ። ሹፌሩ ፍጥነት ቀነሰ ማለት ወደ ፍራንኮ ተመለሰ ማለት አይደለም። አሁንም ወደ ፊት እየሄደ ነው፤ ቀስ ብሎ። በ2014 ግሽበቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ቀነሰ። ያኔ የተቆለለው ግን እዚያው ተቆልሏል። ስለዚህ ዘይቱ ወደ ድሮው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ።

ሽሮሽን በተመለከተ፣ ዋጋውን በየሳምንቱ አንድ ብር ሁለት ብር አታንሺ። ሰው የሚናደደው በመጠኑ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው። በሦስት ወር አንዴ ጨምሪ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፊ፣ ጭልፋውን ግን አትቀንሺ። «ነጋዴው ነው» የሚለውን ሰውዬ ደግሞ አንድ ቀን ዘይት ልትገዢ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ የተከበርሽ እህት፣ 61 ዓመቴ ነው፤ የብረታ ብረትና የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ኮምቦልቻ የድሮ ደንበኛ አለኝ። በ2014 ጦርነቱ እዚያ ሲደርስ ሱቁ ተዘርፎ በሩና ጣሪያው ተበላሽቷል። እስከ አሁን በኪራይ ቤት ሲሠራ ቆይቶ አሁን የራሱን ማደስ ጀምሯል። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ የብረት በርና ቀለም በዱቤ እንድልክለት ጠየቀኝ። «የመልሶ ግንባታ ገንዘብ ሲለቀቅ እከፍልሃለሁ» ይላል። ሰውየው ታማኝ ነው። ልጆቼ ግን «እንዳትልክ» ይሉኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሰውየውን ይመኑት፤ ገንዘቡን አይጠብቁት።

የገንዘብ ሚኒስቴር ለመልሶ ግንባታው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ገምቶ ነበር። የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 ለዚሁ ሥራ የፈቀደው እርዳታ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሌላም ምንጭ አለ፤ ግን ይህንን ብቻ ቢያካፍሉት ከሚያስፈልገው 100 ብር 1 ብር ከ50 ነው። እሱም ቢሆን በዋናነት ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውሃና ለመሳሰለው ነው። ከዚያ ላይ ለአንድ ሱቅ ጣሪያ የሚተርፍ አይታየኝም። ደንበኛዎ ውሸታም አይደለም፤ ተስፋ ነው ያበደረዎት። መቀሌም ባንኮች ሲከፈቱ ነጋዴው መጀመሪያ ያገኘው አዲስ ብድር አይደለም፤ ሱቁ ተዘግቶ የቆጠረበትን የድሮ ብድር ወለድ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻም የሚታደሰው በነጋዴውና በዘመዱ ኪስ ነው ብለው ያስቡ፤ በእርስዎም ኪስ ጭምር።

ልጆችዎም የሚሉት ከንቱ አይደለም። ሁሉንም በአንድ መኪና አይጫኑ። በሦስት ይክፈሉት። የመጀመሪያውን በዱቤ ይላኩ፤ ሁለተኛው የሚጫነው የመጀመሪያው ግማሹ ሲከፈል ይሁን። ቀኑን «ገንዘብ ሲለቀቅ» ብሎ እንዳይጽፍልዎት፤ ወርና ቀን ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ አንዱ ከእሱ ሰፈር ይሁን። ፌሮው ዋጋው ስለሚለዋወጥ መጨረሻ ላይ ይሂድ፤ ከዱቤው ውስጥም አያስገቡት። ቀለምና የብረት በሩ መሐል ላይ ይሁኑ።

ቆርቆሮውን ግን በዚህ ሳምንት ይላኩለት። ክረምት እየገባ ነው።