ካፕሪ ላይ ጀልባችንን የት እናቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሮም ነው የምኖረው፣ ኦገስት ላይ ከጓደኞቼ ጋር በ9 ሜትር የሸራ ጀልባ ከናፖሊ ካፕሪ ደሴት ልንሄድ ነው፣ የት ብናቆም ይሻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ማሪና ግራንዴ ወደብ ማደር ደስ ይላል፣ ግን ኦገስት ላይ ዋጋው እሳት ነው፣ ቀድማችሁ ቦታ ካልያዛችሁ አትሞክሩት። እኔ ብሆን ከደሴቷ ማዶ ባለችው ሶሬንቶ ከተማ አድሬ በጠዋት እሻገራለሁ፣ ቱሪስቱ ሳይጎርፍ ፋራሊዮኒ የሚባሉትን ከባህር የበቀሉ ቋጥኞች ማየት ልብ ይሰርቃል! በደሴቷ ደቡብ ባለው ማሪና ፒኮላ ፊት ለፊት መልህቅ የት መጣል እንደሚፈቀድ ጠይቁ፣ የደቡብ ንፋስ ከተነሳ ደግሞ ቶሎ ልቀቁ፣ ያ ጎን ለንፋሱ ክፍት ነው። ሰማያዊው ዋሻ ጋ በራሳችሁ ጀልባ አትገቡም፣ መግቢያው ከውሃው በላይ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዛው ባሉት ትንንሽ ታንኳዎች ተጋድማችሁ ነው የምትገቡት፣ ማዕበል ካለ ይዘጋል።