ምሳ ዕቃዬን አጥቤ እመልሳለሁ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

16 ዓመቴ ነው፤ ባሌት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት አስተማሪያችን የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ከብባ ለካችና «አሁን ገና ዳንሰኛ መሰልሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እማዬ የቋጠረችልኝን ምሳ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ እደፋና ዕቃውን አጥቤ እመልሳለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ አራት ወር አለፈው። ትልልቆቹ ልጆች «ለዳንሰኛ ያለ ነው» ይሉኛል። አሁን ግን ስዘል ቅልጥሜን ይወጋኛል፤ ሌሊትም ያመኛል። ከተናገርኩ ከትርኢቱ ያስቀሩኛል። እማዬ ሳታውቅ እግሬ የሚሻለኝን ነገር ይንገሩኝ።

ከኋላው ረድፍ

ልጄ፣

እግርሽ ብቻውን አይድንም። ቅልጥምሽን ያሳመመው ዝላዩ ብቻ ሳይሆን ያ የተደፋ ምሳም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሰውነት ለልምምዱ የሚበቃ ምግብ ሲያጣ መቆጠብ ይጀምራል፤ ለጊዜው ያለሱ መኖር የሚችለውን ያቆማል። የወር አበባ አንዱ ነው። አብሮም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንትን የሚጠብቀው ደግሞ እሱ ነው። ሴት ልጅ የአጥንት ክምችቷን 90 በመቶ ገደማ የምትይዘው እስከ 18 ዓመቷ ስለሆነ የቀረሽ ጊዜ አጭር ነው። ሌሊት የሚያም ቅልጥም ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል።

ጓደኞችሽ አልዋሹሽም፣ በዳንሰኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ጤና ግን አይደለም። ሦስት ወር የቀረ የወር አበባ ለሐኪም መታየት አለበት። አስተማሪሽን በተመለከተ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ የልጅ አንጓ በጣት መለካት ማስተማር አይደለም።

እስክትታዪ ድረስ አትዝለዪ። አንድ ትርኢት ቢያመልጥሽ ሌላ ይመጣል፤ የተሰበረ አጥንት ግን ወራት ያስቀምጥሻል። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቢ «እግሬን አሞኛል» ብቻ ብለሽ እንዳትመለሺ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኝሻል። የወር አበባሽ መቅረቱንም፣ ምሳውንም ንገሪው። ከእሱ ሌላ የሥነ ምግብና የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጉሻል፤ «ብዪ» ብቻ የሚልሽ ሰው አይበቃም። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ።

ከእናትሽ ደብቂ ልልሽ አልችልም። ለመናገር አፍሽ እምቢ ካለሽ፣ ነገ ምሳ ዕቃውን ሳትደፊ፣ ሳታጥቢ፣ እንዳለ መልሺላት። ስትከፍተው አጠገቧ ሁኚ።