የጋርላንዱ የለሊት ሰራተኛ ሽጉጥ ይታጠቅ ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ጋርላንድ ቴክሳስ ነው ያለሁት፣ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ለሊት ለሊት ጋዝ ስቴሽን እሰራለሁ። የቀኑን ሺፍት የሚሰራው ልጅ ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልፅ ታጥቆ ነው የሚውለው፣ "ሌባ ሲያይህ ይሸሻል፣ እዚህ ላይሰንስም አያስፈልግ" ይለኛል። እኔ ጎጃም ነው ያደኩት፣ አባቴ ያለጠመንጃ ከቤት አይወጣም ነበር፣ መሳሪያ ብርቄ አይደለም። ሚስቴ ግን እምቢ ብላለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ እኔ ከሚስትህ ጋር ነኝ።

ልጁ ህጉን አልዋሸህም። ቴክሳስ ከ2016 ጀምሮ ላይሰንስ ያለው ሰው ሽጉጥ በግልፅ እንዲይዝ ፈቅዳለች፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወዲህ ደግሞ 21 ዓመት የሞላውና በህግ ያልተከለከለ ሰው ያለላይሰንስም ይችላል፣ የሚታይ ከሆነ ግን ሆልስተር (የሽጉጥ ማህደር) ውስጥ መሆን አለበት፣ ቀበቶህ ስር ሻጥ አድርገህ እጀታውን ማሳየት አይሆንም። ግሪን ካርድ ስላለህም መግዛት አትከለከልም።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ዜጋ የሆነ ሰው መሳሪያ በማይፈቀድበት ቦታ ይዞ ቢገኝ ቅጣቱን ጨርሶ ቤቱ ይገባል፣ አንተ ግን በመሳሪያ ጥፋት ከተፈረደብህ በኢሚግሬሽን ህጉ ከአገር ልትባረር ትችላለህ፣ መተኮስ አያስፈልግም፣ ሰው መጉዳትም አያስፈልግም፣ ያለህግ ይዘህ መገኘትህና መፈረዱ ይበቃል። ይሄን ያ ልጅ አልነገረህም። የፌደራሉ ህግ ደግሞ ከትምህርት ቤት 1000 ፊት (300 ሜትር ገደማ) ክልል ውስጥ መሳሪያ መያዝ ይከለክላል፣ የስቴቱ ላይሰንስ ያለው ሰው ነው ከዚህ ነፃ የሚሆነው፣ ላይሰንስ ሳይኖርህ በእግርህ ወደ ስራ ስትሄድ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር በኩል ብታልፍ አስበው። ሱቆች በር ላይ 30.07 የሚል ፅሁፍ ካየህ ደግሞ በግልፅ ታጥቀህ አትገባም ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚለጠፈው። አሰሪህም ስራ ቦታ ላይ መከልከል መብቱ ነው፣ እሱን ጠይቀሃል?

እሺ ህጉን ልተወውና የየቀኑን ኑሮ እንይ፣ ታጥቀው የሚሰሩ ልጆች ብዙ ነግረውኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ወገብህን የሚያይ ይመስልሃል፣ አንዳንዷ እናት ልጇን ወደራሷ ሳብ ታደርጋለች፣ ሀበሻ ደንበኛ ሲመጣ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ልትባባሉ ስትሉ አንተ ሽጉጡን ለማሸሽ ወገብህን ታዞራለህ። ከዛ ትለምደዋለህ፣ እኔን የሚያስፈራኝ መልመዱ ነው። ፍሪጅ ስትሞላ ትጎነበሳለህ፣ ወለል ስትወለውል ጀርባህ ለበሩ ነው፣ ካርቶን ስታነሳ ሁለቱም እጅህ ተይዟል፣ ሽጉጡ ግን የማንም እጅ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው።

ሌባ ይሸሻል የሚባለው፣ አንዳንዱ ይሸሽ ይሆናል። ቆርጦ የመጣው ግን፣ ብሩን ብቻ ወስዶ መሄድ ይችል የነበረ ቢሆንም፣ መሳሪያህን ካየ መጀመሪያ የሚያስበው አንተን ስለማቆም ነው። ተርፈህ እንኳን ፖሊስ ሲደርስ የሚያየው ሽጉጥ የያዘ ሰው ነው፣ አንተ ሰራተኛው ሌባው ሌላ መሆኑን በዛች ሰከንድ ከየት ያውቃል? አባትህ ጠመንጃ ሲይዝ አገሩ በሙሉ ማን እንደሆነ ያውቀው ነበር፣ ጋርላንድ ለሊት 8 ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ የሚገባው ሰው ግን ስምህንም አያውቅ።

የጋዝ ስቴሽኑን ባለቤት ስለ ካሜራ፣ ስለ መስታወቱ፣ ካሹ ላይ ብዙ ብር ሳይጠራቀም ካዝና ውስጥ ስለማስገባት፣ ለሊት ሁለት ሰው ስለማድረግ አናግረው። ካልሆነ ሽጉጡ ሳይሆን ሺፍቱ ይቀየር። የግድ እይዛለሁ ካልክ ግን ላይሰንሱን አውጣ፣ ትምህርቱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ከዛ የተኩስ ፈተና አለ፣ ከያዝክም ከልብስህ ስር ደብቀህ ያዝ፣ እሱንም ቢሆን አሰሪህ ሲፈቅድ ብቻ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እሁድ ቤተክርስቲያን ሳይቀር ሽጉጡን በግልፅ ታጥቆ ነው የሚሄደው፣ እኔ ደግሞ ሶስት ልጆች አሉኝ። ቴክሳስ ይፈቀዳል ይላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከ2019 ወዲህ ቤተክርስቲያን እንደሌላው ቦታ ነው የሚታየው፣ ቤተክርስቲያኑ ምልክት ከለጠፈ ወይም በቃል ከነገረው ይዞ መግባት የለበትም፣ ስለዚህ ሰበካ ጉባኤውን ይጠይቅ። እኔ ግን ስግደት ላይ ሰው ሁሉ ተደፍቶ ህፃናት በመሃል እየሮጡ ሽጉጥ በግልፅ ወገብ ላይ ሲሆን ልቤ አይቀበለውም። ካንቺ ጥያቄ በላይ ያሳሰበኝ ግን ከቤተክርስቲያን ሲመለስ ሽጉጡን የት ነው የሚያስቀምጠው የሚለው ነው። ቴክሳስ ውስጥ የተሞላ መሳሪያ በቸልተኝነት ተቀምጦ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ከገባ፣ ያስቀመጠው ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ቁምሳጥን አናት ላይ ወይም ትራስ ስር ከሆነ ዛሬውኑ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይግዛ፣ ቁልፉም ልጆቹ የማያገኙት ቦታ ይሁን።